ለቤት ኮምፒውተር ኮምፓይለር ስለመምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

"የቱ ኮምፓይለር ይሻላል?" ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው ስለ ፍጥነት ማውራት ይጀምራል። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፦ ስትሳሳቱ ምን ብሎ ይነግራችኋል? ጀማሪ ቀኑን የሚጨርሰው ፈጣን ፕሮግራም ሲያስሮጥ ሳይሆን ኤረር፣ ማለትም የስህተት መልእክት፣ ሲያነብ ነው። ከታች ያሉት መልሶች ከዚህ አመለካከት የመጡ ናቸው። የማይስማማ ካለ አልጣላም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮምፓይለር የግድ ያስፈልገኛል?

በምትማሩት ቋንቋ ይወሰናል። ፓይተን ከሆነ ፓይተንን ራሱን ኢንስቶል ማድረግ ይበቃል። ጃቫስክሪፕት ከሆነ ብሮውዘራችሁ አለላችሁ። እዚህ ላይ ማንበብ አቁማችሁ ኮድ መጻፍ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል።

ሲ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ራስት፣ ጎ ወይም ፓስካል ከሆነ ግን ያለ ኮምፓይለር ወይ ፍንክች። ፕሮሰሰሩ የሚገባው የራሱ የማሽን ትእዛዝ ብቻ ነው። እናንተ የጻፋችሁትን ወደዚያ የሚቀይረው ኮምፓይለሩ ነው። ነገሩ የቆየ ነው፤ አይቢኤም የፎርትራንን ኮምፓይለር ያወጣው በ1957 ነበር። ያኔ ብዙ ፕሮግራመሮች ማሽን ያወጣው ኮድ በእጅ ከተጻፈው እኩል ይፈጥናል ብለው አላመኑም። ጆን ባከስና ባልደረቦቹ ብዙ የለፉትም ይህን ጥርጣሬ ለመስበር ነው። ዛሬ ጥያቄው ተገልብጧል። ከኮምፓይለር የተሻለ በእጁ የሚጽፍ ሰው ማግኘት ነው የሚከብደው።

ቪኤስ ኮድ ኢንስቶል አድርጌያለሁ። ለምንድነው ኮዴ የማይሠራው?

በጣም የሚደጋገመው ጥያቄ ይሄ ነው። ቪኤስ ኮድ ኤዲተር ነው፤ መጻፊያ። ኮምፓይለር አይደለም፣ ኮምፓይለርም ይዞ አይመጣም። ደብተር ገዝቶ "ለምን ራሱ አያነብልኝም?" እንደማለት ነው።

ስሙ ራሱ ያሳስታል። ቪዥዋል ስቱዲዮ የሚባል ሌላ ነገር አለ። እሱ ከ1997 ጀምሮ ያለ፣ ኤዲተሩንም ኮምፓይለሩንም ስህተት መፈለጊያውንም አንድ ላይ የያዘ ከባድ ጥቅል ነው። ቪኤስ ኮድ የመጣው በ2015 ነው። ሁለቱም የማይክሮሶፍት ናቸው፤ ዝምድናቸው ግን ከስም ብዙም አያልፍም። ቪኤስ ኮድ ላይ የምትጨምሩት የሲ ፕላስ ፕላስ ኤክስቴንሽንም ኮምፓይለር አያመጣላችሁም። ኮዱን ቀለም ይቀባል፣ ስም ያሟላል፣ ኮምፓይለር ካገኘ ደግሞ ይጠራዋል። ኮምፓይለሩን ማምጣት የእናንተ ሥራ ነው።

ዊንዶውስ ነው ያለኝ። ሲ ወይም ሲ ፕላስ ፕላስ ልማር ነው። ምን ላውርድ?

ሦስት መንገድ አለ። ሦስቱም ያደርሳሉ፤ አስቸጋሪነታቸው ግን ይለያያል።

የመጀመሪያው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮሚዩኒቲ ነው። ለግለሰብ ነፃ ነው። ስትጭኑ የሲ ፕላስ ፕላስ ዴስክቶፕ የሚለውን ምርጫ ምልክት አድርጉ፤ ካልነካችሁት ኮምፓይለሩ አይገባም። ችግሩ መጠኑ ነው፤ ብዙ ጊጋባይት ይወስዳል። በምላሹ አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ኮዱን መስመር በመስመር እያስኬዳችሁ፣ የእያንዳንዱን ቫሪያብል ዋጋ እያያችሁ ስህተት የምትፈልጉበት መሣሪያ ታገኛላችሁ። ዲባገሩ ዊንዶውስ ላይ ካየኋቸው ሁሉ ይበልጥብኛል። ቦታውም ኢንተርኔቱም ካላችሁ ለጀማሪ ይሄን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ጂሲሲ የሚባለውን ነፃ ኮምፓይለር፣ ኤምሲስ2 በሚባል የፕሮግራመር መሣሪያዎች ማምጫ በኩል ማምጣት ነው። ይሄ ቀለል ያለ ነው፤ ሌሎች ላይብረሪዎችንም (ሌላ ሰው የጻፋቸው ዝግጁ ኮዶች) በአንድ ትእዛዝ ያመጣል። ግን ሰው የሚሰናከልባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው፣ ኤምሲስ2 ሲገባ የተለያዩ ተርሚናሎችን (ትእዛዝ የሚጻፍባቸው መስኮቶች) ይዞ ይመጣል። ዩሲአርቲ64 የሚለውን ክፈቱ፤ በሌላ ተርሚናል የጫናችሁት ኮምፓይለር እዚህ ላይታይ ይችላል። ሁለተኛው ፓዝ የሚባለው ጣጣ ነው። ዊንዶውስ "ጂሲሲ" ስትሉት የት ሄዶ እንደሚፈልገው ካልተነገረው "እንዲህ የሚባል ትእዛዝ አላውቅም" ይላችኋል። ኮምፓይለሩ ያለበትን ቢን የሚባለውን ፎልደር ፓዝ ውስጥ ጨምሩ፤ ከዚያ የተከፈተውን ተርሚናል ዝጉና እንደገና ክፈቱ። "ጨምሬያለሁ ግን አልሠራም" የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የረሳው ይሄን መዝጋትና መክፈት ነው።

እግረ መንገዴን፦ የቆዩ ማስተማሪያዎች ጂሲሲን "ሚንጂደብሊው" ከሚባል፣ ለዊንዶውስ ከሚያዘጋጀው ቦታ አውርዱ ይላሉ። ሁለት ሚንጂደብሊው አለ። ዋናው የድሮው ነው፤ እየተሻሻለ የሚሄደው ግን ከእሱ የተገነጠለው ሚንጂደብሊው 64 ነው። ኤምሲስ2 የሚሰጣችሁ ሁለተኛውን ነው። የድሮውን አውርዳችሁ አዲስ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ብትሞክሩ፣ ራሳችሁ ያላጠፋችሁትን ጥፋት ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

ሦስተኛው ደብሊውኤስኤል ነው፤ ዊንዶውስ ውስጥ የሚኖር ሊኑክስ። ከ2016 ጀምሮ አለ። ማስተማሪያችሁ የተጻፈው ለሊኑክስ ከሆነ ይሄ እፎይ ያሰኛል፤ መጽሐፉ ያለው ሁሉ እንዳለ ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ። እዚያ ውስጥ ኮምፓይል ያደረጋችሁት ፕሮግራም የሊኑክስ ፕሮግራም ነው። ለጓደኛ ልካችሁ ዊንዶውሱ ላይ በደብል ክሊክ አይከፍተውም።

ማክስ?

የአፕልን የፕሮግራም መሥሪያ ጥቅል፣ ኤክስኮድን፣ ሙሉውን ማውረድ አያስፈልግም፤ እሱ ለአይፎን አፕ ለሚሠራ ሰው ነው። ተርሚናል ክፈቱና "ክላንግ" የሚለውን ትእዛዝ ጻፉ፤ የማክ ኮምፓይለር ስም ነው። ከሌለ ማክ ራሱ "ትንሹን የመሣሪያ ጥቅል ላውርድላችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። እሺ በሉት፣ አለቀ። አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፤ ማክ ላይ "ጂሲሲ" ብላችሁ ብትጠሩ የሚመልስላችሁ ክላንግ ነው። ስሙን ተውሶ ነው። ለመማር ልዩነት የለውም። እውነተኛውን ጂሲሲ የግድ ካላችሁ ሆምብሩ በሚባለው በኩል ይመጣል።

ሊኑክስስ?

እናንተማ ተገላገላችሁ። ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ከሆነ ቢልድ ኢሴንሺያል የሚባለውን ጥቅል ጫኑ። ጂሲሲም፣ ብዙ ፋይል ያለውን ፕሮጀክት ኮምፓይል የሚያስደርገው ሜክም፣ የሚያስፈልጉት ፋይሎችም አብረው ይገባሉ።

ጂሲሲ ወይስ ክላንግ?

ይሄ ጥያቄ እንደ እግር ኳስ ቡድን ደጋፊ ያጣላል። ትንሽ ታሪክ ልንገራችሁ።

ጂሲሲን የጀመረው ሪቻርድ ስቶልማን ነው። የመጀመሪያው ስሪት የወጣው በ1987 ነው። መጀመሪያ የሲ ኮምፓይለር ብቻ ነበር፤ በኋላ ሲ ፕላስ ፕላስን፣ ፎርትራንንና ሌሎችንም ስለጨመረ በ1999 የስሙ ትርጉም "የኮምፓይለሮች ስብስብ" ወደሚል ተቀየረ። ክላንግ የተሠራው ኤልኤልቪኤም በሚባል መሠረት ላይ ነው። ኤልኤልቪኤምን ክሪስ ላትነር ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እያለ በ2000 የጀመረው ሥራ ነው። ክላንግ ለሕዝብ ክፍት የሆነው በ2007 ነው።

ክላንግ ሲመጣ ሰውን የማረከው በሚያወጣው ኮድ ፍጥነት አልነበረም። ስህተት አነጋገሩ ነው። ሴሚኮለን ስትረሱ የጎደለበትን ቦታ በቀስት ያሳያል። የቫሪያብል ስም ስታጣምሙ "ይሄን ለማለት ፈልገህ ነው?" ይላል። የዚያን ጊዜው ጂሲሲ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ ምንም ጥፋት የሌለበትን ቅንፍ ይከስ ነበር። ፉክክሩ ግን ለሁላችንም በጀን። ጂሲሲም ተማረ፤ የዛሬው ጂሲሲ ቀስትም ያሳያል፣ የተጣመመ ስምም ያርማል። ሁለቱ የሚያወጡት ፕሮግራም ፍጥነትም አንዴ አንዱ፣ አንዴ ሌላው ይቀድማል እንጂ ለቤት ሥራ የሚታይ ልዩነት የለውም።

ስለዚህ ኮምፒውተራችሁ ላይ በቀላሉ የሚገባውን ውሰዱ። ከቻላችሁ ግን ሁለቱንም ጫኑ። የአንዱ ኤረር ካልገባችሁ ያንኑ ፋይል ለሌላው ስጡት። ተመሳሳይ ጥፋት በሌላ አነጋገር ሲነገራችሁ ብዙ ጊዜ "አሃ!" ትላላችሁ። በተለይ የሲ ፕላስ ፕላስ ቴምፕሌት ስህተት ሁለት ገጽ ሙሉ ሲዘረገፍባችሁ ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል።

ትምህርት ቤት የተማርነው በቱርቦ ሲ ነው። ቤትም እሱን ልጫን?

እባካችሁ፣ አይሆንም። ለፈተና ግድ ካልሆነባችሁ በቀር።

ቱርቦ ሲ በ1987 ሲወጣ ድንቅ ነገር ነበር። ኤዲተርና ኮምፓይለር አንድ ላይ፣ ፈጣን፣ ዋጋውም የማይጎዳ። ግን ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የዶስ ዘመን ሰው ነው። 16 ቢት ስለሆነ የዛሬው 64 ቢት ዊንዶውስ ጭራሽ አያስነሳውም። ሰዎች ዶስቦክስ በሚባል የድሮ ኮምፒውተር አስመሳይ ውስጥ ነው የሚያስኬዱት። ሰማያዊው ስክሪን የሚናፍቃችሁ ከሆነ ይገባኛል፤ እኔም አንዳንዴ ይናፍቀኛል።

ትልቁ ጉዳት የሚያስተምራችሁ ልማድ ነው። እዚያ ላይ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) የሚይዘው እስከ 32,767 ብቻ ነው። 200ን በ200 አባዙና 40,000 ስትጠብቁ −25,536 ያወጣላችኋል። የስክሪን ማጽጃውና የሥዕል ትእዛዞቹ ሌላ ኮምፓይለር ላይ የሉም። ሲ ፕላስ ፕላሱ ደግሞ የቋንቋው የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ደረጃ በ1998 ከመውጣቱ በፊት የተሠራ ነው። እዚያ የለመዳችሁትን አጻጻፍ ዛሬ ጂሲሲ ላይ ብትሞክሩ ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ይጮህባችኋል። ለፈተና ከሆነ ዶስቦክስ ውስጥ አስቀምጡት፤ ለመማር ዘመናዊ ኮምፓይለር ጎን ለጎን ይኑራችሁ።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ራሙም 4 ጊጋባይት ብቻ። ይችለዋል?

ኮምፓይለሩን? በደንብ። የሚከብደው ኮምፓይለሩ ሳይሆን ዙሪያው ያለው ጌጣጌጥ ነው። ጂሲሲና አንድ ቀላል ኤዲተር ብቻ ብትጠቀሙ የተማሪ ፕሮግራም በአሮጌ ማሽንም ቶሎ ያልቃል። ቪዥዋል ስቱዲዮን ግን እንዲህ ባለ ላፕቶፕ ላይ መክፈት ትዕግሥት መፈተን ነው።

በጣም ቀላል ከፈለጋችሁ ታይኒ ሲ ኮምፓይለር አለ። የፋብሪስ ቤላርድ ሥራ ነው። ኢምንት የምታህል ናት፣ ኮምፓይል ስታደርግ ዓይን ከመጨፈኗ በፊት ትጨርሳለች። የምታወጣው ፕሮግራም ግን ከጂሲሲው ይዘገያል፤ ማስጠንቀቂያም ብዙ አትሰጥም። ስለዚህ እንደ ሁለተኛ መሣሪያ እንጂ እንደ አስተማሪ አልመክራትም። ፓስካል ለሚወድ ደግሞ ፍሪ ፓስካል አለ፤ መስኮትና ቁልፍ ያለው ፕሮግራም ለመሥራት ላዛረስን ጨምሩበት። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ቀልጠፍ ብሎ የሚሠራ ጥቅል ብዙ አላየሁም፤ ፋሽኑ ስላለፈ ብቻ ነው ሰው የሚረሳው።

በዚህ ረገድ ተጠንቀቁ የምለው ራስትን ነው። ቋንቋው ግሩም ነው። ግን ኮምፓይል ማድረጊያ ጊዜው ረጅም ነው፣ ታርጌት የሚባለው ፎልደሩም ሳታውቁት ጊጋባይት ይበላል። ዲስኩ ሞላ ሲላችሁ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ።

ራስት፣ ጎ ወይም ጃቫ ከሆነስ?

ምርጫው ቀድሞ ተመርጦላችኋል። ከሲ በተለየ እነዚህ ቋንቋዎች ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት አንድ ዋና ኮምፓይለር አላቸው።

ጎ ከሁሉም ይቀላል። አንድ ፋይል አውርዱ፣ ጫኑ፣ ጨረሳችሁ። ኮምፓይል ሲያደርግ ፈጣን ነው፤ ሊኑክስ ላይ ሆናችሁ የዊንዶውስ ፕሮግራም ማውጣት ሁለት ቃል የመጨመር ያህል ነው። ራስት በራስትአፕ በኩል ይገባል። ዊንዶውስ ላይ ግን የማይክሮሶፍትን የሲ ፕላስ ፕላስ መሣሪያዎችም ይጠይቃችኋል፤ አትደንግጡ፣ የመጨረሻውን ማገጣጠም የሚሠራለት የእነሱ ሊንከር ስለሆነ ነው። የራስት ኤረር አነጋገር እስካሁን ካየኋቸው ሁሉ የበለጠ ነው። ኮዱ አይሠራም ብሎ ብቻ አይተውም፤ ለምን እንደማይሠራ አስረድቶ ማስተካከያውንም ይጽፍላችኋል። ጥብቅ ነው፣ ግን እንደ ጥሩ አስተማሪ ነው የሚጠብቀው።

ጃቫ ላይ ጄዲኬ የሚለውን አውርዱ፤ ጄአርኢ ማስኬጃ እንጂ ኮምፓይለር የለውም። ጄዲኬ የሚያወጡ ድርጅቶች ብዙ ናቸው። አትጨነቁ፣ አብዛኞቹ መሠረታቸው አንድ ነው፤ ኦፕንጄዲኬ። እንደ 17 ወይም 21 ያለ ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ ስሪት ያዙ።

ነፃው ኮምፓይለር ከሚከፈልበት ያንሳል? የሠራሁትን ብሸጥስ?

አያንስም። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ለዓመታት የሚሠራው በጂሲሲ ነው። ክሮም ብሮውዘር የሚሠራው በክላንግ ነው። ለእነሱ የበቃ ለእኛም ይበቃል።

መሸጥም ይቻላል። የጂሲሲ ፈቃድ የራሱን የጂሲሲን ኮድ ይመለከታል። ከፕሮግራማችሁ ጋር ለሚቀላቀሉት የጂሲሲ ላይብረሪዎች ልዩ ፈቃድ ስላለ፣ በጂሲሲ ኮምፓይል አድርጋችሁ ስለተጠቀማችሁ ብቻ ኮዳችሁን ለሰው የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። ሌላ ሰው የጻፈውን ላይብረሪ ካስገባችሁ ግን የእሱን ፈቃድ ለብቻው አንብቡ። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮሚዩኒቲንም ግለሰብ ለሚሸጥ ፕሮግራም መጠቀም ይችላል፤ ገደቡ የሚመጣው በድርጅት ስም ስትሠሩ ነው።

ከጓደኛ ፍላሽ ብቀዳውስ? ወይም ከሌላ ድረገጽ?

ከሁሉም ሶፍትዌር መርጣችሁ ከዋናው ምንጭ ማውረድ ያለባችሁ ኮምፓይለርን ነው። የተበከለ ጌም እናንተን ብቻ ይጎዳል። የተበከለ ኮምፓይለር ግን የምትሠሩትን ሁሉ ይበክላል።

ይሄ ወሬ አይደለም። በ2015 ቻይና ውስጥ ብዙ ፕሮግራመሮች ከአፕል ማውረዱ ስለዘገየባቸው ኤክስኮድን ከፋይል መጋሪያ ቦታ ወሰዱ። የተነካካ ነበር። እነሱ ሳያውቁ የሠሯቸው አፖች ሁሉ ቫይረስ ይዘው አፕ ስቶር ገቡ፤ ዊቻት ሳይቀር። ነገሩ ኤክስኮድ ጎስት ተብሎ ይታወቃል። ከዩኒክስ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ኬን ቶምፕሰን ደግሞ ገና በ1983፣ የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ ኮምፓይለር ሶርስ ኮዱ (ሰው የጻፈው ኮድ) ላይ የማይታይ የጓሮ በር ፕሮግራም ውስጥ ሊያስገባ እንደሚችል አሳይቶ ነበር።

በተቃራኒው፣ ገና አሁን ኮምፓይል ያደረጋችሁትን የራሳችሁን ፕሮግራም አንቲቫይረስ ቢይዘው አትደናገጡ። ማንም የማያውቀው አዲስ ፋይል ስለሆነ ይጠረጥረዋል። አንቲቫይረሱን በሙሉ ከማጥፋት የምትሠሩበትን ፎልደር ብቻ ከፍተሻ ማውጣት ይሻላል።

ኦንላይን ኮምፓይለር አይበቃኝም?

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበቃል። ምንም ሳትጭኑ መሞከር ትችላላችሁ፤ ስልክም ላይ ሳይቀር። ማት ጎድቦልት በ2012 የጀመረው ኮምፓይለር ኤክስፕሎረር ደግሞ ለባለሙያም የሚሆን ነው፤ አንድ ኮድ በብዙ ኮምፓይለሮች ወደ ምን ዓይነት የማሽን ትእዛዝ እንደሚቀየር ጎን ለጎን ያሳያል። ግን ፋይል ማንበብና መጻፍ፣ መስኮት መክፈት፣ ብዙ ፋይል ያለው ፕሮጀክት ሲመጣ ይጠባችኋል። ኢንተርኔት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል።

በፊደላችን መጻፍ ይቻላል?

ጽሑፉን ማሳተም ይቻላል። የሶርስ ፋይሉ በዩቲኤፍ 8፣ ፊደላትን በባይት በማስቀመጫው ዘዴ፣ መቀመጡን አረጋግጡ። የማይክሮሶፍቱ ኮምፓይለር ይህን እንዲያውቅ በአማራጩ ሊነገረው ይገባል። ከዚያም ዊንዶውስ ላይ ተርሚናሉ ፊደሉን ሳይሆን ባዶ ሳጥን ቢያሳያችሁ ኮምፓይለሩን አትክሰሱ፤ የፎንት ወይም የተርሚናሉ ጉዳይ ነው። አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ሲ ላይ "ሰላም" የሚለውን ቃል ርዝመት ብትጠይቁ 3 ሳይሆን 9 ይላችኋል፤ በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚይዝ ነው።

ቫሪያብልን በፊደላችን መሰየምም ይቻላል። ጂሲሲ ከስሪት 10 ጀምሮ፣ ራስት ከ2021 ጀምሮ ይቀበላሉ፤ ክላንግ ደግሞ ቀድሟቸዋል። ጎ ላይ ግን አንድ ቀልድ የመሰለ ነገር አለ። ከፓኬጅ (አብረው ከሚሠሩ የኮድ ፋይሎች ስብስብ) ውጭ የሚታይ ስም በትልቅ ፊደል መጀመር አለበት ይላል። የእኛ ፊደል ደግሞ ትልቅና ትንሽ ብሎ ነገር አያውቅም። ስለዚህ ፊቱ ላይ የላቲን ትልቅ ፊደል ካልደነቀራችሁበት ስሙ ከፓኬጁ ንቅንቅ አይልም።

ኮምፓይለሩ ገባ። መጀመሪያ ምን ልንካ?

ማስጠንቀቂያዎቹን አብሩ። ጂሲሲና ክላንግ ዝም ካላችኋቸው ብዙ ነገር አይተው እንዳላየ ያልፋሉ። "ኦል" የሚባለውን የማስጠንቀቂያ አማራጭ ጨምሩ፤ ስሙ ሁሉንም ቢልም ሁሉንም ስለማይሰጥ "ኤክስትራ" የሚባለውንም ደግሙበት። ማይክሮሶፍት ላይ ከሆናችሁ ደረጃ 4 አድርጉት።

ይሄን የተማርኩት በወጉ አይደለም። አንድ ጊዜ ቁጥር የምትደምር ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ኦፕቲማይዜሽን፣ ማለትም ፕሮግራሙን የማፍጠኛ አማራጭ፣ ሳልጨምር ልክ ትሠራ ነበር። ኦ2 የሚባለውን ደረጃ ስጨምርባት ሰማይ የነካ ቁጥር ታወጣ ጀመር። "ኮምፓይለሩ ተበላሽቷል" ብዬ አውጥቼ እንደገና ጫንኩት። ሌላ ስሪትም ሞከርኩ። ሌሊቱ አለቀ። ለካ ድምሩን የሚይዘውን ቫሪያብል በዜሮ ሳላስጀምር ትቼዋለሁ። ያለ ኦፕቲማይዜሽን በአጋጣሚ እዚያ ቦታ ላይ ዜሮ ተቀምጦ ነበር። ማስጠንቀቂያውን አብርቼ ቢሆን ኖሮ መስመሩን ጠቅሶ በሰከንድ ይነግረኝ ነበር።

ቀጥሎ አድሬስ ሳኒታይዘር የሚባለውን ልመዱ። ከድርድር (አሬይ) ወሰን ውጭ ስትጽፉ ወይም የለቀቃችሁትን ሜሞሪ ስትነኩ ፕሮግራሙን እዚያው አስቁሞ መስመሩን ያሳያችኋል። ሊኑክስ ላይ በጂሲሲም በክላንግም አለ፣ ማክ ላይም አለ፣ የማይክሮሶፍቱም ጨምሮታል። የኤምሲስ2 ጂሲሲ ግን የለውም፤ እዚያ ያላችሁ ክላንግን መጠቀም አለባችሁ።

ሁለት ሦስት ኮምፓይለር አንድ ላይ ብጭን ይጣላሉ?

አይጣሉም። እኔ ላፕቶፕ ላይ አራት አሉ። ፓዝ ውስጥ ቀድሞ የተቀመጠው ነው የሚጠራው፤ ግራ ሲገባችሁ ስሪቱን ጠይቁት፣ ማን እንደሆነ ራሱ ይናገራል።